የመሬት ቅርፊት በሞገድ ሲመረመር፤ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የቆሙበት መሬት



በሰበታ መሠረት የሚያስቆፍር ሰው በጉድጓዱ ውስጥ የሚያየው ቢበዛ ሦስት አራት ሜትር ነው። ከዚያ በታች ዓይን አይደርስም፤ ሞገድ ግን ይደርሳል። ሞገድ በጠንካራ ዐለት ውስጥ ይፈጥናል፣ በልል አፈር ውስጥ ይዘገያል፤ የማይመሳሰሉ ንብርብሮች በሚገናኙበት ወለል ላይም ከፊሉ ይታጠፋል፣ ከፊሉ ይመለሳል። በልዩ ልዩ ርቀት የደረሰበትን ጊዜ መዝግቦ የንብርብሩን ጥልቀት ማስላት እንግዲህ የሙያው ዋና ሥራ ነው።

ይህ ሥራ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 የጀርመን ተመራማሪዎች በአፋርና በደጋው ላይ በፈንጂ ሞገድ ጥናት አካሂደዋል። ከሁሉ የሰፋው ግን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተካፈለበት በ2003 የተከናወነው «ኢግል» የተባለው ጥናት ነው። ከአንድ ሺህ በላይ መመዝገቢያዎች፣ አንዱ መስመር ስምጥ ሸለቆውን አቋርጦ፣ ሌላው ሸለቆውን ተከትሎ ተዘረጉ። ቅርፊቱ በምዕራቡ ደጋ ሥር ወደ 45 ኪሎ ሜትር እንደሚወፍር፣ ሸለቆው ወደ አፋር ሲቃረብ ግን ወደ 26 እንደሚሳሳ ታወቀ። በደጋው ቅርፊት ግርጌም ሞገድ በሰከንድ ወደ 7.4 ኪሎ ሜትር የሚሮጥበት ወፍራም ንብርብር ተገኘ፤ ደጋውን በባዛልት ያለበሰው ቅልጥ ዐለት ከታች ያስቀረው አተላ ነው ተብሎ ይታመናል።

ለሕንፃ መሐንዲስ ግን ከ45 ኪሎ ሜትሩ ይልቅ የላይኛው 30 ሜትር ይብሳል። በ1985 ሜክሲኮ ከተማን ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ መነሻው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ ነበር፤ ጥፋቱን ያባባሰው ከተማይቱ የቆመችበት የሐይቅ ጭቃ ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ የተነሣው፣ መጠኑ 6.0 የተመዘገበው መንቀጥቀጥም አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። የሱሉልታ ሜዳ መረሬ አፈርና የወጨጫ ግርጌ ዐለት ይህን ንቅናቄ እኩል አይቀበሉትም።

የሕንፃ ደንባችን መሬትን የሚመድበው በእነዚሁ 30 ሜትሮች ውስጥ ባለው የሸር ሞገድ ፍጥነት ነው፤ ከ800 ሜትር በሰከንድ በላይ ዐለት፣ ከ180 በታች ልል አፈር ይባላል። ብረቱን በስሌት፣ መሬቱን በግምት መወሰን ለምሕንድስና የሚመጥን አይደለም። ልኬቱ የብረት ሰሌዳ፣ ከባድ መዶሻ፣ ሃያ አራት ጂኦፎንና የአንድ ቀን ሥራ ይጠይቃል፤ ከአንድ ፎቅ ብረት ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ሦስቱ ከተሞች ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ስለ ሆኑ የየሕንፃውን ልኬት በአንድ ካርታ ላይ ማኖር ይቻላል። መጀመሪያ መለካት የሚገባውም የእንጦጦ ዐለት ከሱሉልታ ጥቁር አፈር ሥር የሚገባበት ጠርዝ ነው፤ በዚያ ስፍራ የአንዱ ግቢ መሬት ለጎረቤቱ ግቢ ምስክር አይሆንም።