ጥግ ተቀምጦ ሲስል

(በማኅበራችን የአሥረኛ ዓመት የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ስለ መድረክና ስለ ሥዕል አሥራ አምስት ደቂቃ ተናገር ሲሉኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። ሠዓሊ አይደለሁም። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት አማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ የሥዕል ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። የእኔ ነገር ሰው ሲጫወት፣ ሲዘፍን፣ ሲጨፍር እያየሁ እዚያው ቶሎ ቶሎ መጫር ነው። ብቻ ከግቢ ጀምሮ የጫርሁባቸው ደብተሮች ሃያ ሦስት ደርሰዋል። ዛሬ ይዣቸው መጥቻለሁ፤ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ለምን እንዳመጣኋቸው መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

በስኮትላንድ ኤድንብራ የምትባል ከተማ አለች። በ1939 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ፣ በፈረንጆቹ 1947 መሆኑ ነው፣ ትልቅ ዓለም አቀፍ የኪነ ጥበብ ፌስቲቫል ስትጀምር ስምንት የቴአትር ቡድኖች ሳይጠሩ መጡ። ዋናው መድረክ ላይ ቦታ የላቸውም፤ ዳር ዳሩን አዳራሽ ፈልገው ተጫወቱ። ያ የዳር ጨዋታ በኋላ «ፍሪንጅ» ተባለ፤ እኛ የልብስ ዘርፍ የምንለው ዓይነት ነገር ነው። ዛሬ ዘርፉ ከልብሱ በልጧል። እዚያ ደብተር ይዘው ከአንዱ ጨዋታ ወደ ሌላው እየሮጡ የሚሥሉ ሰዎች እንዳሉ ሳነብ በጣም ቀናሁ። ኋላ ግን፣ እኔስ የት ነው የኖርሁት? አልሁ። ደብረ ታቦር አይደለም እንዴ! በዚያው በነሐሴ፣ ማንም ያልጠራው ተጫዋች በየደጃፉ የሚመጣበት አገር።

ቡሄን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ነሐሴ 12 ማታ ችቦው ይበራል፤ በማግስቱ 13 ከተማችን በስሟ የምትጠራበት በዓል ነው። በመድረኩ በኩል ድንኳን አለ፣ ድምፅ ማጉያ አለ፣ የክብር እንግዳ አለ። እዚያ አልሥልም። የክብር እንግዳ ሲቀመጥ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው (ይቅርታ፣ ፊት ወንበር ላይ ያላችሁ)። የእኔ ቦታ የሰፈር ልጆች ሆያ ሆዬ የሚሉበት ደጃፍ ነው። አንዱ ያወርዳል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ዱላው መሬቱን ይመታል። ያለኝ ጊዜ ሙልሙሉ እስኪመጣ ድረስ ነው። ስለዚህ ከቤት ለመውጣት የሚዘገዩ እናቶች ለእኔ በጣም ይመቹኛል፤ ልጆቹ ይህን ቢሰሙ ግን ጉድ ይፈላል።

መጀመሪያ ላይ ዱላው ወደ ላይ ሲነሣ ልይዘው እሽቀዳደም ነበር። አይያዝም። በኋላ የገባኝ፣ የሚመለሰውን መጠበቅ ነው። ዱላው ይመለሳል፣ የአዝማሪው ደጋን ይመለሳል፣ የእስክስታ ትከሻም ይመለሳል። በመጀመሪያው ታያለህ፣ በሁለተኛው ትጀምራለህ፣ በሦስተኛው ታርማለህ። ጣጣው የማይመለሰው ላይ ነው።

ጅራፍን ውሰዱ። የሚጮኸው ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት ሲያልፍ ነው፤ ኢንጂነሪንግ ያነበባችሁ ታርሙኛላችሁ። ይህን እንዴት አድርጌ ልሣለው? ሦስት ቡሄ ሙሉ አየር ላይ የተጠማዘዘ መስመር ስሥል ኖርሁ። የተፈታ የከብት ገመድ ይመስላል። በአራተኛው ጅራፉን ተውሁና አጠገቡ የቆመችውን ትንሽ ልጅ ሣልሁ። ሁለት ጆሮዋን ይዛ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ በሌላው ታያለች። ገጹን ያየ ሰው ሁሉ «ጅራፍ ነው» ይለኛል። ጅራፍ ግን የለበትም። ኤድጋር ደጋ የሚባል ፈረንሳዊ ሠዓሊም (ስሙ ለእኛ አገር የወጣ ይመስላል) የባሌት ዳንሰኞችን ሲሥል መድረክ ላይ ከሚያደርጉት ይልቅ ጫማቸውን ሲያስሩና ጀርባቸውን ሲያኩ ማየት ይወድ ነበር።

ስለ ዕቃ የሚጠይቀኝ አይጠፋም። ከፍታችን 2,700 ሜትር ገደማ ነው፤ በነሐሴ ጉሙ ሲወርድ ወረቀቱ ያብጣል። እርሳስ እርጥብ ወረቀት ይቦረቡራል እንጂ አይጽፍም፣ እስክሪብቶም ይዘጋል። የጠፋ ችቦ ከሰል ግን ይጽፋል። እጅና ነጠላ ያጠቁራል፣ ያም ሆኖ ይጽፋል።

አዝማሪ ቤት ሌላ ፈተና ነው። ቡሄ ላይ ማንም ልብ አይልህም። አዝማሪ ቤት ግን አንተ ከምታየው ይልቅ እሱ ነው የሚያይህ። ማን ከማን ጋር እንደመጣ፣ ማን አዲስ ጫማ እንዳደረገ፣ ማን እንደተኳረፈ፣ ገና ከበር ሳትገባ ጨርሶታል። አንድ ብርዳም ሌሊት ጥግ ይዤ፣ ደብተሬን ጠረጴዛ ሥር ጉልበቴ ላይ አድርጌ እጭራለሁ። የተደበቅሁ መስሎኛል። ማሲንቆውን እየገዘገዘ ፊቴ መጥቶ ቆመና «ተቀበል!» አለ።

ሌሊቱን በሙሉ ጥግ ተቀምጦ ሲስል፣
ብርድ የመታው መስሎኝ አረቄ ልስጥ ስል!

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳሉ ነው ሥዕሉ? ሁለቱም። ከኪሴ ብር ሳወጣ ጊዜ አልጠበቀም፤ እጁን የዘረጋው ለደብተሩ ነበር። ወስዶ ወደ መብራቱ አስጠጋና ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ማሲንቆዬን ባለ ሁለት ክር አደረግኸው። አንዷን እኔ እመታለሁ፣ ሌላዋን ማን ይመታታል?» አለኝ። ማሲንቆ አንድ ክር ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይ የኖርሁት ዕቃ ነው። እጄ ግን ያላየውን ሥሏል። አፍሬ ብሩን ግንባሩ ላይ ለጠፍሁለት። ከዚያ ሌሊት ወዲህ አንድ ልማድ አወጣሁ፦ የሣልሁትን ሰው ሳላሳየው ከቦታው አልነሣም። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይቆጣል፣ አንዳንዱ «ስጠኝ» ይላል።

አሁን ወደ ግቢያችን ልመለስ። የመጨረሻ ዓመት ላይ የኪነ ጥበብ ክበቡ ያዘጋጀውን ምሽት የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ጋፋት አፍንጫችን ሥር ሆኖ ስለ መይሳው ካሳ የማይሠራ ክበብ የለምና የመጀመሪያው ድራማ እሱው ነበር፤ ካርቶን ሴባስቶፖል ተጎትቶ ገባ፣ ጨብጨብ አደረግን፣ አለፈ። ሁለተኛው አጭር ድራማ ነበር፤ ልጁን ከአውቶቡስ መናኸሪያ ሲጠብቅ የሚመሽበት ሽማግሌ። ሽማግሌውን የተጫወተው የዶርማችን ልጅ ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ ታውቁታላችሁ። ጋቢው የእኔ ነበር። መሐል ላይ መብራት ጠፋ። ማንም አልተነሣም። አንዱ ስልኩን አበራ፣ ሌላው ቀጠለ፣ እሱም ምንም እንዳልተፈጠረ ጥበቃውን ቀጠለ። እኔ ወረቀቱ አይታየኝም፤ ዓይኔን ከእሱ ሳልነቅል በጨለማ ሣልሁ። ሲበራ ሳየው መስመሮቹ ተደራርበዋል፣ ፊቱ ፊት አይመስልም። ለቅድሙ ልማዴ ገና አልደረስሁም ነበርና ሳላሳየው ደብተሩን ዘጋሁ።

ከተመረቅን በሦስተኛው ዓመት አረፈ። ለቅሶ ስንደርስ ቤተሰቡ ያላቸው ፎቶ ሁለት ብቻ ነበር፤ የመታወቂያውና ጋዋን ለብሶ የተነሣው። በሁለቱም ቀጥ ብሎ ቆሟል። ለአርባው ስመለስ ያንን ደብተር ይዤ ሄድሁ። ላሳይ አላሳይ እያልሁ ብዙ አመነታሁ፤ ፊት የሌለው ሥዕል ለእናት ይሰጣል? ኋላ አወጣሁት። እናቱ ወረቀቱን ዘቅዝቀው ነበር የያዙት። አቃናሁላቸው። ዝም ብለው ቆዩና ጣታቸውን ከታች አኑረው፣ «እግሩ ነው» አሉ። አንዱን እግሩን በሌላው ላይ ጭኖ ነው የቆመው። ሽማግሌ ሲጫወት የፈጠረው መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከሕፃንነቱ ጀምሮ፣ ምድጃ አጠገብ ቆሞ እንጀራ ሲጠብቅ እንዲያ ይቆም ኖሯል። «ጋቢው ግን የማን ነው?» አሉኝ። የእኔ ነው አልኋቸው።

እንግዲህ ደብተሮቹን ያመጣኋቸው ለዚህ ነው። ብዙዎቻችሁ ውስጣቸው አላችሁ፤ መድረክ ላይ፣ መጋረጃ ጀርባ፣ ተሰልፋችሁ፣ እንቅልፍ ወስዷችሁም ጭምር። ከምሳ በኋላ እየገለጣችሁ ፈልጉ። ራሱን ያገኘ ገጹን ቀድዶ ይውሰድ፣ አልቀየምም። ራሱን ያላገኘ ደግሞ የሚያውቀውን ካገኘ ያድርስለት። ሰማያዊ ልባስ ያለው ደብተር ውስጥ የተለጠፈውን ሽማግሌ ብቻ እንዳትነኩብኝ። እሱ ፎቶ ኮፒ ነው፤ ዋናው እናቱ ዘንድ ነው።