ድንጋዩ የወረደለት ሰው



በሉተራውያን ትምህርት ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሣ አንድ ክስ አለ። ይኸውም፣ «ሰው የሚጸድቀው በጸጋ ብቻ ከሆነ በጎ ሥራ ለምን ያስፈልጋል? ይህ ሰነፎችን የሚያስደስት ትምህርት አይደለምን?» የሚል ነው። ጥያቄው የሚናቅ ስላልሆነ ዛሬ ስለዚሁ ጥቂት እናገራለሁ።

ማርቲን ሉተር በ1505 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በኤርፈርት ከተማ ወደ ገዳም የገባው፣ እንደ እኛ ተማሪ ሳለ፣ የሕግ ትምህርቱን አቋርጦ ነው። በገዳሙ ሲጾም፣ ሲተጋ፣ ደጋግሞም ሲናዘዝ ኖረ፤ ነገር ግን «አሁንስ በቃ» የሚያሰኝ ልክ አላገኘም። ኋላ ወደ ሮሜ ሰዎች የተላከውን መልእክት ሲመረምር፣ ጽድቅ ሰው ሠርቶ ለእግዚአብሔር የሚያቀርበው ሳይሆን እግዚአብሔር በክርስቶስ ለሚያምን የሚሰጠው ስጦታ መሆኑን ተረዳ። በ1517 በዊተንበርግ 95 የክርክር ነጥቦች ያወጣውም፣ የኃጢአት ቅጣት ማቅለያ ወረቀት በገንዘብ ይሸጥ ስለ ነበረ ነው።

በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ምሕረት የሚለምንበት ልማድ አለ። የተበደለው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሲል ድንጋዩ ይወርዳል። ሰውየው ያንኑ ድንጋይ መልሶ አንሥቶ ወደ ቤቱ ይዞት ቢሄድስ? ትሑት ነው አንለውም፤ የተደረገለትን ይቅርታ አላመነም እንላለን እንጂ።

ድንጋዩ የወረደለት ሰው ግን እጁ ለሥራ ነፃ ነው። ሉተር በ1520 ስለ ክርስቲያን ነፃነት በጻፈው መጽሐፍ ያስረዳው ይህንኑ ነው፤ እምነት ክርስቲያኑን ነፃ ያወጣዋል፣ ፍቅር ደግሞ የሁሉ አገልጋይ ያደርገዋል። በጎ ሥራችንን የሚፈልገው ጎረቤታችን ነው። ጽድቅ ለማከማቸት ብሎ የሚመጸውት ሰው ድኻውን መሰላል ያደርገዋል፤ ጽድቁን በስጦታ የተቀበለ ሰው ግን ድኻው ስለ ተራበ ብቻ ያበላዋል።

ይህም ሥራ ሩቅ አገር የሚያስኬድ አይደለም። በ1529 የታተመው የሉተር ትንሹ ካቴኪዝም፣ ተናዛዡ የቆመበትን ስፍራ እንዲመረምር ያስተምራል፤ አባት ቢሆን እናት፣ ልጅ ቢሆን ሠራተኛ፣ በዚያው በስፍራው ታማኝ ነበርን ወይስ ሰነፈ? እኛም ብንጠየቅ፣ ለብዙዎች የመጣውን መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ጀርባ የሚደብቅ ተማሪ፣ የፈተና ወረቀት ሳያነብ ነጥብ የሚሰጥ መምህር፣ ኃጢአታቸው በዚያው በሥራቸው ቦታ ነው።

አሁንም አንድ ሰው የጓደኛውን ስም አጥፍቷል እንበል። ሌሊቱን በጸሎት ምሕረት ለምኖ፣ ጧት ባልንጀራውን እንደማያውቀው ሆኖ ቢያልፈው፣ ጸጋን መደበቂያ አደረገው ማለት ነው። ጀርመናዊው የሉተራውያን ፓስተር ዲትሪክ ቦንሆፈር በ1937 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ንስሐ የሌለበትን ይቅርታ «ርካሽ ጸጋ» ብሎ ነቅፎታል። እርሱም የሂትለርን አገዛዝ በመቃወሙ በ1945 በስቅላት ተገደለ።

እንግዲህ ያ ሰው ተነሥቶ ወደ ባልንጀራው ይሂድ፤ ወሬውንም በዘራበት ማዕድ ላይ ያርመው። ይህን የሚያደርገው ምሕረትን ለመግዛት አይደለም፤ ምሕረቱ አስቀድሞ ተሰጥቶታል። ጻድቅ መስሎ ለመታየት የሚደክም ሰው «በድያለሁ» ለማለት ይፈራል፤ ይቅር የተባለ ሰው ግን የሚደብቀው ነገር ስለሌለው ይህችን ቃል ለመናገር ይደፍራል።

ስለዚህ ለክሱ መልሳችን ቃል ብቻ ሊሆን አይችልም። ጸጋ ሰውን ሰነፍ ያደርገዋል ወይስ ትጉህ የሚለው የሚታወቀው፣ በመኝታ ቤታችን፣ በምግብ አዳራሹና በክፍላችን ውስጥ እርስ በርሳችን በምናደርገው ነው።