የአያቶቻችን ነገር በማን ደብተር ይጻፍ?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ በአጭሩ ልንናገርበት የተነሣነው ጉዳይ የቤተሰብ ታሪክን ጽፎ ስለ ማቆየት ነው። ከመካከላችን «ይህ የሽማግሌ ወግ ነው፤ ለተማሪ ምኑ ነው?» የሚል አይጠፋም። እኛ ግን ከማንም ይልቅ የተማሪ ሥራ ነው እንላለን፤ ምክንያታችንንም እናስረዳለን።

የቀድሞ ሰዎች ትውልዳቸውን በቃላቸው ይዘው ይቆጥሩ የነበረው ለጨዋታ አልነበረም። በጎጃም፥ በጎንደርና በሸዋም በብዙው ክፍል ርስት የሚገኘው ከመጀመሪያው አቅኚ መወለድን በመቁጠር ነበር። መቁጠር ያቃተው ሰው በዳኛ ፊት ይረታ፥ መሬቱንም ያጣ ነበር። ርስት በአባትም በእናትም በኩል ስለሚወረስ የሴት አያቶች ስም ጭምር ይታወስ ነበር። ጋብቻም በበኩሉ እስከ ሰባት ቤት ያስቆጥራል። እንግዲህ የቤተሰብን ትዝታ ይጠብቁ የነበሩት ሁለት ዘበኞች መሬትና ጋብቻ ነበሩ ማለት ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ታወጀ። ጭሰኛው ከባለመሬቱ ቀንበር ወጣ፤ ይህ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ መሬት የቅድመ አያትን ስም አይጠይቅም፤ አንዱ ዘበኛ ሥራውን ለቀቀ። ዛሬ በየጽሕፈት ቤቱ ሙሉ ስማችሁን ተናገሩ ስንባል የራሳችንን፥ የአባታችንንና የአያታችንን ጠርተን እናበቃለን። በዚህ አጠራር ቅድመ አያት ይቀራል፤ የእናታችን እናት ጭራሽ አትነሣም። በቃል ያልተያዘው ነገር በጽሑፍ ካልተያዘ ሌላ መያዣ የለውም።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከየካ በላይ ካለው ተራራ ላይ ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል አለ። ትውፊት ለአብርሃና ለአጽብሓ ይሰጠዋል፤ ብዙ ሊቃውንት ደግሞ ከዚያ እጅግ ዘግይቶ የተሠራ ነው ይላሉ። ድንጋዩ ዛሬም ይታያል፤ መዶሻውን ያነሡት ሰዎች ማን እንደ ነበሩ ግን የሚነግረን የለም። በእንጦጦ ማርያም ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ መድፋታቸውን ማንም ተማሪ ያውቃል። በዚያን ዘመን ዳገቱን እየወጡና እየወረዱ ውሃ የቀዱትን፥ እንጨት የተሸከሙትን፥ እንጀራ የጋገሩትን ግን ማን ያውቃቸዋል? ከዚያም በኋላ ባሕር ዛፉ ሲበቅል፥ ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ወደ ከተማ እየወረዱ ልጅ ያሳደጉና ያስተማሩ እናቶች ብዙ ናቸው። ከእኛም መካከል የእነርሱ ልጆችና የልጅ ልጆች አለን።

ታላላቆቹ ሰዎች ስለ ራሳቸው ጽፈዋል። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ከ1896 እስከ 1922 ዓ.ም. ያዩትንና የሰሙትን ጽፈው አቆዩ፤ መጽሐፉ ታትሞ የወጣው እርሳቸው ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክም እንዲሁ ሆነ። ወረቀቱ በቤተሰብ እጅ ባይጠበቅ ኖሮ ዛሬ ባላነበብነው ነበር። እንጨት ተሸካሚዋ ግን ጸሐፊዋ ልጇ ነው፤ እርሱ ካልጻፈ የሚጽፍላት የለም።

ደግሞም ብዙ ጠፍቷል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቤት ለቤት ሲፈተሽ፥ ብዙ ቤተሰብ ለልጆቹ ነፍስ ሲል ፎቶግራፉን፥ ደብዳቤውንና መጽሐፉን አቃጥሏል። በዘመናችንም የቆዩ ሰፈሮች ሲፈርሱ ጎረቤት ከጎረቤት ይለያያል። አንዱ ወደ ጋራ መኖሪያ ቤት፥ ሌላው ወደ ከተማ ዳር ይሄዳል። «ያ ቤት የማን ነበር?» ቢባል የሚመልሰው ሰው ሩቅ ነው።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። «ዘር መቁጠር ሰውን ከሰው ይለያል፤ ሸክላ ሠሪዋን፥ ቀጥቃጩንና ሸማኔውን ያዋረደው ይኸው ልማድ ነው» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። ስለዚህ እኛ የምንፈልገው የጌትነት ቆጠራ አይደለም። ባላባቱን ጽፎ ገረዲቱን የሚተው ደብተር ግማሽ ደብተር ነው። በቅንነት ከጠየቅን የአዲስ አበባ ቤተሰብ ከስንት አገር መጥቶ፥ ስንት ቋንቋ ተናግሮ አንድ ቤት እንደ ሠራ እናገኛለን።

አሁን ስለ አጀማመሩ እንነጋገር።

መጀመሪያ በዕድሜ ከሁሉ የገፉትን እንጠይቅ፤ አባት ይቆየናል፥ አያት ግን አይቆዩንም። ቡና በተፈላበት ሰዓት መቀመጥ ይበቃል። «ታሪክዎን ይንገሩኝ» ብንል «እኔ ምን ታሪክ አለኝና» ይሉናል። «እማማ፥ መጀመሪያ የየካን ዳገት ሲወጡ ማን አብሮዎት ነበር? ውሃ የምትቀዱት ከየት ነበር? የቤት ኪራይ ስንት ይከፍሉ ነበር?» ብንል ግን ቀኑ አይበቃንም።

ሁለተኛ፥ ዓመተ ምሕረት አንጠይቅ፤ ዘመን እንጠይቅ። «ጃንሆይ ከስደት ሲመለሱ ተወልደው ነበር? በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ አግብተው ነበር? ደርግ ሲመጣ ስንት ልጅ ነበረዎት?» ከዚህ ተነሥተን ዓመቱን እኛው እናገኘዋለን።

ሦስተኛ፥ የሰማነውን በተናጋሪው ቃል እንጻፍ፤ አናሳምረው። ከላይ ማን እንደ ተናገረ፥ የት፥ በስንት ቀን እንደ ሆነ ይጻፍ። ሁለት ሰዎች ቢለያዩ ሁለቱንም እንጻፍ። የክርስትና ስምና የዓለም ስም ለየብቻ ይመዝገብ። በስልካችን ድምፃቸውን ብንቀዳ መልካም ነው፤ ነገር ግን ስልክ ይሰረቃል፥ ይሰበራል፤ ስለዚህ በወረቀት ይገልበጥ። ተናጋሪው «ይህ ይቅር» ያሉትን እንተወው፤ አደራ ነውና።

አራተኛ፥ በየሣጥኑ ያለውን እንይ። የግብር ደረሰኝ፥ የክርስትና ወረቀት፥ የድሮ መታወቂያ፥ የእድር መዝገብ፥ ሁሉም ይናገራል። በፎቶግራፉ ጀርባ የሰዎቹን ስም በለስላሳ እርሳስ ቀስ ብለን እንጻፍ፤ ቀለም ወደ ፊት ያልፋል። የክረምት እርጥበት እንዳያበላሸው ከመሬትና ከግድግዳ አርቀን እናስቀምጠው። ቅጂውም በሌላ ዘመድ ቤት ይኑር፤ አንዱ ቤት ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በመጪው የክረምት ዕረፍት እያንዳንዳችን ከአንድ አረጋዊ ወይም ከአንዲት አሮጊት የሰማነውን በአንድ ደብተር ጽፈን እንመለስ፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የእናታችን እናት ስም ይኑር። መምህሮቻችንም እንዲያርሙን እንለምናለን። በስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የአገርን ታሪክ እየሰበሰበ ነው፤ የእኛን ቤት ሣጥን ግን ከእኛ በቀር የሚከፍተው የለም።