ሳተላይት፣ ስልክና ወረርሽኝ



በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው ጉዳይ ከሰማይ ይጀምራል። መጨረሻው ግን ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ነው።

እስቲ ሐሮ ወንጪን እናስብ። ሐሮ በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነው። የወንጪ ሐይቅ የሚገኘው በአምቦና በወሊሶ መካከል፣ ከፍ ካለ ተራራ ላይ ነው። በሐይቁ ውስጥ ባለው ደሴት የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ። በበዓል ቀን ሰው ከየአቅጣጫው ይመጣል። ፈረስ የሚያከራየው፣ ጀልባ የሚቀዝፈው፣ ጠላ የምትሸጠው፣ ሊሳለም የመጣው ሁሉ አንድ ላይ ይሆናል። የአምቦ ገበያም እንዲሁ ነው። መሰብሰብ ደግ ነገር ነው። የምንገበያየው፣ የምንጸልየው፣ የምንጽናናው ተሰብስበን ነው። ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ግን በሽታውም ተሰብስበን ያገኘናል።

ይህንን በዐይናችን አይተናል። የኮሮና በሽታ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ብዙ ሆኖ መሰብሰብም ተገደበ። ታዲያ ሰው የት የት እንደተሰበሰበ እንዴት ይታወቃል? በዚያን ጊዜ አያሌ አገሮች መልሱን ከስልክ ፈለጉ።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ሳተላይት ማለት ሰው ሠርቶ ወደ ሰማይ የላከው፣ ምድርን የሚዞር መሣሪያ ነው። ቦታ የሚያመለክቱ ሳተላይቶች አሉ። ሥራቸው በተለምዶ ጂፒኤስ ይባላል። እነዚህ ሳተላይቶች ከምድር 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ። እያንዳንዱ ሳተላይት እጅግ ትክክለኛ ሰዓት ይዟል። ዘወትርም በራዲዮ ሞገድ «እኔ እዚህ ነኝ፤ ሰዓቱ ይህን ያህል ነው» እያለ ይናገራል።

መብረቅ ሲበርቅ ወዲያው ታያላችሁ። ነጎድጓዱን ግን ቆይታችሁ ትሰማላችሁ። በዘገየው መጠን መብረቁ የወደቀው በሩቅ ነው ትላላችሁ። ስልክም እንደዚሁ ያደርጋል። የሳተላይቱ ቃል ምን ያህል እንደዘገየ ይለካል፤ ከዚያም ርቀቱን ያሰላል። ከ4 ሳተላይቶች ከሰማ፣ ያለበትን ቦታ በጥቂት ሜትር ልዩነት ያውቃል። እንደ ወንጪ ባለ ገደል በከበበው ሥፍራ ግን ተራራው ሰማዩን ሲጋርድ ሊሳሳት ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጂፒኤስ ተናጋሪ እንጂ ሰሚ አይደለም። ሰማይ ላይ ሆኖ እናንተን አይቆጥርም። ቦታችሁን የሚያውቀው ስልካችሁ ነው። ለሌላ የሚያቀብለውም ስልካችሁ ነው። አገራችንም በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን ሳተላይት ከቻይና ምድር አምጥቃለች። ያቺ ግን መሬትን፣ ደንንና እርሻን ፎቶግራፍ ለማንሣት እንጂ ሰውን ለመከታተል የተሠራች አልነበረችም።

ስልክ ያለ ጂፒኤስም ቦታችንን ያሳውቃል። በየኮረብታው ከቆመው የስልክ ማማ ጋር ስለሚገናኝ፣ በየትኛው ማማ አጠገብ እንዳለን የስልክ ድርጅቱ ያውቃል። በ2012 ዓ.ም. በደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ በሴኡል፣ ኢቴዎን በሚባል ሰፈር ባሉ የምሽት ጭፈራ ቤቶች በሽታው ተነሣ። መንግሥት ከስልክ ድርጅቶች መረጃ ወስዶ፣ በዚያ አካባቢ የነበሩ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎችን ለይቶ ተመርመሩ አላቸው። ብዙዎቹ ግን ስማችን ይወጣል፣ እንዋረዳለን ብለው ፈሩ። ከተማው ስም ሳይጠየቅ መመርመር ይቻላል ባለ ጊዜ የተመርማሪው ቁጥር ጨመረ። እንግዲህ ፍርሃት በሽታን ይደብቃል፤ መተማመን ግን ያወጣዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ሲንጋፖር ናት። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ማን ከማን አጠገብ እንደነበረ የሚመዘግብ የስልክ ፕሮግራም አወጣች። የሚሠራው በጂፒኤስ ሳይሆን በብሉቱዝ ነበር። ሕዝቡ መረጃው ለበሽታ መከላከያ ብቻ ነው ተብሎ ተነገረው። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ግን መንግሥት፣ ፖሊስም ለወንጀል ምርመራ ሊጠቀምበት እንደሚችል አስታወቀ። ሕዝቡ ቅር አለው። በተከታዩ ወር ፖሊስ መረጃውን ለከባድ ወንጀሎች ብቻ እንዲጠቀምበት የሚወስን ሕግ ወጣ። ለአንድ ሥራ የተሰበሰበ መረጃ ለሌላ ሥራ ሲውል፣ እንዲህ ያለ ቅሬታ ያመጣል።

ሦስተኛው ምሳሌ ናይጄሪያ ናት። እዚያ ጂፒኤሱን የያዙት ሕዝቡ ሳይሆን የፖሊዮ ክትባት ሰጪዎች ነበሩ። ክትባት ሰጪው የትኛውን መንደር እንደዘለለ ካርታው ያሳያል፤ በማግስቱ ወደተዘለለው መንደር ይሄዳሉ። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አፍሪካ ከዱር ፖሊዮ ነጻ መሆኗ ተረጋገጠ። መሣሪያው የሥራ ሰዎችን ሲቆጣጠር ሕዝቡ ተጠቀመ።

ደግሞ ሌላ ጉድለት አለ። ስልክ የሌለው ሰው በዚህ ቆጠራ ውስጥ አይገባም። ጀልባ ቀዛፊው ስልክ ከሌለው፣ አሮጊቷ እናት ስልኳን ቤት ትታ ከመጣች፣ ካርታው «ባዶ ነው» ይላል። ቦታው ግን በሰው ተሞልቷል። ስለዚህ ሳተላይት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አይተካም። ቤት ለቤት ዞራ ማን እንደታመመ የምትጠይቀው እርሷ ናት። እድሩም በለቅሶ ቀን ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ ያውቃል።

ታዲያ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ፊደል ቆጥራችኋል፤ ማንበብ ጀምራችኋል። ስልካችሁ አንዳንድ ጊዜ ቦታችሁን ለማወቅ ፈቃድ ይጠይቃል። ከሥሩ «ፍቀድ» እና «አትፍቀድ» የሚሉ ቃላት ይታያሉ። ሁለቱን የሚለያቸው «አት» የሚለው ነው። ሳታነቡ አትንኩ። ስልኩ የሚጠይቀው በሌላ ቋንቋ ከሆነ የሚያነብላችሁን ፈልጉ። በወረርሽኝ ጊዜ ቦታችሁን እንድትናገሩ ብትጠየቁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ለምን? ለማን? እስከ መቼ?

ይህ መጠየቅ ዐመፅ አይደለም፤ መብት ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። መልሱ በቂ ሆኖ ካገኛችሁት ደግሞ እውነቱን ተናገሩ። የነበራችሁበትን መደበቅ ጎረቤትን ሊገድል ይችላል።

ይህን ጽሑፍ ለጎረቤታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ከዚያም ተወያዩበት፦ በሠፈራችን በሽታ ቢገባ፣ የት እንደነበርን ለማን እንነግራለን?