ጠላና ፅንስ በሰሜን ሸዋ ደጋ



ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በምትገኘው በደብረ ብርሃን፣ እንዲሁም ከእርሷ በስተምሥራቅ በገደል አፋፍ ላይ በተቀመጠችው በአንኮበር፣ ገብስ የኑሮ መሠረት ነው። ገብስ ቆሎ፣ በሶና እንጀራ ይሆናል፤ ከብቅልና ከጌሾ ጋር ሲዋሐድ ደግሞ ጠላ ይሆናል። ጠላም በዚያ አገር መጠጥ ብቻ አይደለም። የሰንበቴና የማኅበር ዝክር፣ የደቦ ሠራተኛ ብርታት፣ የእንግዳ ማክበሪያ፣ ለብዙ እናቶችም የልጅ ማሳደጊያ ገቢ ነው።

ከዚህ የተነሣ በጤና ጣቢያ የሚቀርበው የተለመደ ጥያቄ ዒላማውን ሊስት ይችላል። ነፍሰ ጡሯ «መጠጥ ትጠጫለሽ ወይ?» ተብላ ስትጠየቅ «ኧረ እኔ አልጠጣም» ትላለች። ይህን ስትል አልዋሸችም፤ እርሷ መጠጥ የምትለው አረቄንና ቢራን ነው። ጠላን ከምግብ፣ ቅራሪን ከውሃ ትቆጥራለች። መልሷ በካርዱ ላይ «አትጠጣም» ተብሎ ሲመዘገብ ፅንሱ ከባለሙያው ዓይን ይሰወራል።

የአልኮል ጉዳት ግን በመጠጡ ስም አይለካም። ግማሽ ሊትር ጠላ 5 በመቶ አልኮል ቢኖረው 25 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ይይዛል። 45 በመቶ የሆነ አረቄ በ50 ሚሊ ሊትር መለኪያ ሲቀዳ የሚይዘው 22.5 ሚሊ ሊትር ነው። እንግዲህ አረቄን የምትፈራ እናት በአንድ ትልቅ ጣሳ ጠላ የዚያኑ ያህል አልኮል ልትወስድ ትችላለች ማለት ነው።

አልኮል ከእናቲቱ ደም በእንግዴ ልጁ በኩል ያለ መሰናክል ወደ ፅንሱ ያልፋል። የፅንሱ ጉበት ገና ስላልጠና አልኮሉን ሊያጠፋው አይችልም፤ በእንሽርት ውሃ ውስጥም ይቆያል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የፊትና የአካል ቅርጽ ይዛባል፤ አንጎል ግን በእርግዝናው ዘመን ሁሉ ስለሚያድግ በማንኛውም ወር ሊጎዳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1968 ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ለሟን ከባልደረቦቻቸው ጋር ከጠጪ ወላጆች የተወለዱ 127 ልጆችን መርምረው ይህን ጉዳት ገለጡ። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ በአሜሪካ ሲያትል ኬኔት ጆንስና ዴቪድ ስሚዝ ዛሬ በዓለም የሚታወቅበትን ስም ሰጡት። ምልክቶቹ የዓይን ክፍተት ማጠር፣ በአፍንጫና በላይኛው ከንፈር መካከል ያለው ቦይ መጥፋት፣ የላይኛው ከንፈር መሳሳት፣ የክብደትና የቁመት ማነስ ናቸው። ብዙዎቹ ልጆች ግን ፊታቸው ደኅና ሆኖ በትምህርት፣ በማስታወስና በጠባይ ብቻ ይቸገራሉ፤ «ሰነፍ» ወይም «ባለጌ» ተብለውም ይቀጣሉ። ጉዳቱ ከተፈጸመ በኋላ መድኃኒት አይሽረውም፤ አስቀድሞ መከላከል ግን ፈጽሞ ይቻላል። ለነፍሰ ጡር ጉዳት የለውም ተብሎ የታወቀ የአልኮል መጠን የለም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ ከልክሏል። ይሁን እንጂ ጠላ ማስታወቂያ አያሻውም። የሚጋበዘው «ጠጪ፣ ጉልበት ይሆንሻል» በሚሉ ወዳጅ ዘመዶች ነው። ጠላ ጠምቃ የምታድር ሴትም የጠመቀችውን መቅመስ ግዴታዋ ነው። ስለዚህ ምክሩ ለእርሷ ብቻ ሳይሆን ለባሏ፣ ለአማቷና ለጎረቤቷም ሊደርስ ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር በምትመጣበት ጊዜ ሁሉ ስለ አልኮልና ስለ ሌሎች ሱስ አስያዥ ነገሮች እንድትጠየቅ አሳስቧል። በሰሜን ሸዋ ይህ መመሪያ ፍሬ የሚሰጠው ጥያቄው በአገሩ ቋንቋ ሲቀርብ ነው፦ «ጠላ በቀን ስንት ጣሳ ትጠጫለሽ? ቅራሪስ? ስትጠምቂ ትቀምሻለሽ? በማኅበሩ ዕለትስ?» ጥያቄው የሚቀርበው ባልና አማት በሌሉበት፣ ያለ ወቀሳ መሆን አለበት። የተወቀሰች እናት ሁለተኛ እውነቱን አትናገርም፤ ምናልባትም ለክትትል አትመለስም።

«አትጠጪ» ብሎ መሸኘትም ብቻውን አይበቃም፤ በጣሳው ምትክ የሚያዝ ነገር ያስፈልጋል። እርሱም ከዚያው ከደጋው ጓዳ ይገኛል፦ የገብስ በሶ፣ የአጃ አጥሚት፣ ያልፈላ ብርዝ። ቀሪቦ ግን እርሾና ስኳር ገብቶበት ከቆየ አልኮል ስለሚያወጣ ጥንቃቄ ይሻል። በየቀኑ አብዝታ የምትጠጣ፣ ሲቀርባትም የምትንቀጠቀጥ ሴት በድንገት እንድታቆም ማዘዝ ለእርሷም ለፅንሱም አደገኛ ነው። በሆስፒታል በሐኪም ጥበቃ ሥር ሆና ልታቆም ይገባል።

የጠላን ክብር ማዋረድ አስፈላጊ አይደለም። በዝክሩም በደቦውም ጣሳው ይዙር፤ ነፍሰ ጡሯ ዘንድ ሲደርስ ግን በሶ ተሞልቶ ይሰጣት። ይህን ልማድ ማስጀመር ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጀምረውም ትክክለኛውን ጥያቄ ከሚጠይቅ አንድ ባለሙያ ነው።