መስኮት ለብርሃን ነው

ቢስሚላሂር ረህማኒር ረሂም

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ከኮሶበር ወደ ቡሬ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ከምትገኘው ከጥሊሊ ከተማ አንዲት እህታችን ጥያቄ ልካልናለች። ጎረቤቷ ቤቱን ሲያድስ በጎን ግድግዳው አዲስ መስኮት አወጣ፤ መስኮቱም በቀጥታ የእርሷን ጓሮ ያያል። ልብስ ማጠቡም፣ ውዱእ ማድረጉም በሰው ዓይን ፊት ሆነ። ሲነገረው «በገዛ ግድግዳዬ ማን ያገባዋል?» አለ። ለዓመታት ቡና የተጠራሩ ሁለት ቤቶች ሰላምታ አቋረጡ። «መስኮት ማውጣት ሐራም ነውን?» ስትል ትጠይቀናለች።

መልሱን ከስሙ እንጀምር። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ኑር 35ኛው አንቀጽ የብርሃኑን ምሳሌ መብራት ባለባት «ሚሽካት» ገልጾልናል። ብዙዎቹ ሙፈሲሮች ሚሽካትን ፋኖስ የሚቀመጥባት፣ ወደ ውጭ ግን የማታልፍ የግድግዳ ጎድጓዳ ናት ይላሉ። ኢማም ሱዩጢ «አል-ኢትቃን» በተሰኘው ኪታባቸው ቃሉ የሐበሻ ቋንቋ መሆኑን ከሙጃሂድ የተላለፈውን አስፍረዋል። የእኛው «መስኮት» የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። በቁርኣን ውስጥ ከሌላ ቋንቋ የመጣ ቃል ስለመኖሩ ዑለማዎች ተለያይተዋል። አቡ ዑበይድ ግን ቃላቱ መነሻቸው ሌላ ቢሆንም ዐረቦች የራሳቸው ካደረጓቸው በኋላ ቁርኣን ስለወረደ ዐረብኛ ናቸው በማለት ሁለቱን ወገን አስታርቀዋል።

እንግዲህ መስኮት በራሱ ሐራም አይደለም። ብርሃንና አየር የአላህ ጸጋዎች ናቸው። የሚከለከለው ዓይን ነው። ቡኻሪ እንደዘገቡት አንድ ሰው በቀዳዳ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት አጮልቆ አየ። እርሳቸውም አጥብቀው ገሠጹት፤ ፈቃድ መጠየቅ የተደነገገው ለዓይን ሲባል መሆኑንም አስተማሩ። ዓይኑ አስቀድሞ የገባ ሰው በር ላይ ቆሞ ፈቃድ ቢጠይቅ ምን ይጠቅማል?

ታዲያ የትኛው መስኮት ይፈቀዳል? በማሊኪያ መዝሀብ ትልቅ ኪታብ በ«አልሙደወና» ከዑመር (ረ.ዐ) የተላለፈ መለኪያ አለ። ከመስኮቱ ኋላ አልጋ ይቀመጥና ሰው ይቁምበት። በዚያ ቆሞ የጎረቤቱን ቤት ውስጥ ካየ መስኮቱ ይከለከላል፤ ካላየ ይተዋል። ይህ ፍርድ ለሁለቱም ያስባል። አንዱን በጨለማ አያስቀምጥም፤ የሌላውንም ገመና አይገልጥም። ስለዚህ መስኮቱን ከቁመት በላይ ከፍ ማድረግ ወይም የማያሳይ መስታወት መግጠም ጠቡን ይዘጋዋል።

እህታችን ሆይ! አንቺም በአጥር ላይ አትናገሪ፤ በበር ግቢ። ቤቶችን በበሮቻቸው መግባት በሱረቱል በቀራህ 189ኛው አንቀጽ የታዘዘ ነው። የጎረቤትሽ ሃይማኖት የትኛውም ቢሆን የጎረቤት ሐቅ አለው። ሽማግሌ ይዘሽ ሂጂ፤ በለሰለሰ ቃል ንገሪው።

የመንደሩ ሰዎችስ? «የሁለት ሰው ጠብ ነው» ብለን ዝም አንበል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መርከብ ላይ ዕጣ ተጣጥለው ከላይና ከታች ስለተሳፈሩ ሰዎች ምሳሌ ሰጥተውናል። የታችኞቹ ውሃ ለመቅዳት ወደ ላይ መመላለሱ ቢያስቸግራቸው በድርሻችን እንሸንቁር አሉ። ቢተዉ ሁሉም ይሰጥማሉ፤ እጃቸው ቢያዝ ሁሉም ይድናሉ። «በገዛ ግድግዳዬ» እና «በድርሻችን» አንድ ንግግር ናቸው። መስኮት ብርሃን ያስገባል፤ ሽንቁር ግን ባሕሩን። በየመንደራችን የሚከፈተው የትኛው እንደሆነ ሳይመሽ እንይ።

አላህ ገመናችንን ይሸፍንልን፤ ጉርብትናችንን ያሳምርልን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።