ጨው በበዛበት መሬት ላይ አዝመራ እንዴት ይኖራል?

(በአዲስ አበባ፣ ልደታ ለተሰበሰቡ ገበሬዎችና የልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ከዚህ ከልደታ ወደ ታች የሚወርደው ውሃ ከአቃቂ ወንዝ ይገባል፤ አቃቂም ከአዋሽ ይቀላቀላል። አዋሽ ግን እንደ ዓባይ ከባሕር አይደርስም፤ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ በአፋር ምድር አቤ ከሚባለው ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ውሃው በፀሐይ ሙቀት ይተንናል፤ አብሮት የመጣው ጨው ግን መሄጃ የለውም። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ በዚህ ይጠቃለላል፤ ይኸውም ውሃ ይሄዳል፣ ጨው ይቀራል ማለት ነው።

የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ከተሠራና የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1962 ከተቋቋመ ወዲህ፣ በመካከለኛው አዋሽ በአሚባራ፣ በመልካ ሰዲና በመልካ ወረር አካባቢ ሰፊ መሬት በመስኖ ለማ። ጥጥም ሙዝም ተመረተበት። ነገር ግን ትርፉ ውሃ የሚወጣበት ቦይ በጊዜው ስላልተበጀለት፣ ከመሬት በታች ያለው ውሃ ከዓመት ወደ ዓመት ከፍ እያለ መጣ። ወደ ላይ በቀረበም ጊዜ ፀሐይ ውሃውን ስትስበው ጨዉ በማሳው ላይ እንደ አመድ ነጥቶ ቀረ። ከዚህ የተነሣ ብዙ ማሳ ከእርሻ ወጥቶ ተጣለ። በአገራችን በጠቅላላው ጨው የነካው መሬት 11 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንደሚሆን ይገመታል። በበጋ መስኖ ስንዴ በምናመርትበት በዛሬው ጊዜ ይህን ነገር ማወቅ ለሁላችንም ግዴታ ነው።

ጨው አዝመራን የሚጎዳው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው ጥም ነው። ለቋንጣ ሥጋ ዘልዝላችሁ ጨው ስትነሰንሱበት ውሃ ማውጣቱን ታውቃላችሁ፤ ጨው ውሃን ወደ ራሱ ይስባልና ነው። በማሳም ውስጥ ጨው ሲበዛ ውሃውን አጥብቆ ስለሚይዘው ሥሩ መጠጣት ያቅተዋል። ስለዚህም መሬቱ እርጥብ ሆኖ ሳለ አዝመራው እንደ ጠማው ይጠወልጋል። ይህን አይቶ ያለ መጠን ውሃ የሚጨምር ገበሬ፣ መውጫ ቦይ ከሌለው ጉዳቱን ያብሰዋል።

ሁለተኛው መርዝነቱ ነው። ተክል ሁሉ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ሕዋሳት የተሠራ ነው። ሕዋስ እንደ ጎጆ ግድግዳ፣ በርና ጓዳ አለው ብላችሁ አስቡት። ሕዋስ ሥራውን የሚሠራው ፖታሲየም በሚባል ንጥረ ነገር ነው። በጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ፖታሲየምን ስለሚመስል በእርሱ በር ይገባል፤ ገብቶም ቦታውን ይይዛል፣ ሥራውን ግን አይሠራለትም። በመጨረሻም ቅጠሉ፣ ይልቁንም አሮጌው ቅጠል፣ ከጫፉና ከዳሩ ጀምሮ ይቃጠላል።

ተክሉም ዝም ብሎ አይሞትም። 1ኛ፤ የሥሩ ሕዋሳት የገባውን ሶዲየም በበሩ መልሰው ወደ ውጭ ይገፉታል። 2ኛ፤ የቀረውን ሥራ ከሚሠራበት ከሕዋሱ ክፍል አውጥተው በጓዳ ይዘጉበታል። 3ኛ፤ በዚያው በሥራው ክፍል ስኳርና ፕሮሊን የሚባሉትን ነገሮች አከማችተው ውሃቸው እንዳይሳብባቸው ይከላከላሉ። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ያለ ስንቅ አይሠራም። ለፍሬ ሊሆን የሚገባው ምግብ ለዘብ ይከፈላልና፣ ተክሉ ቢተርፍም እሸቱ ያንሳል። ጓዳውም ሲሞላ ሌላ ማስቀመጫ የለም።

የተክል ዐይነቶች በዚህ ሥራ እኩል አይደሉም። በአውስትራሊያ ራና መንስና ባልደረቦቻቸው ከጥንት የስንዴ ዘመድ የተገኘ፣ ሶዲየምን ከሥር አካባቢ አስቀርቶ ወደ ቅጠል እንዳይወጣ የሚያደርግ ባሕርይ ወደ ዱረም ስንዴ በማዳቀል አገቡ። እ.ኤ.አ. በ2012 እንደ ገለጹትም፣ በጨዋማ ማሳ ላይ ይህ ስንዴ 25 በመቶ ብልጫ ያለው ምርት ሰጠ።

የአፈር ጨው የሚለካው በዴሲሲመንስ በሜትር ነው። ልኩ ከ4 በላይ ሲሆን አፈሩ ጨዋማ ይባላል። ገብስ እስከ 8፣ ጥጥ እስከ 7.7፣ ስንዴ እስከ 6 ድረስ ምርቱ ሳይቀንስ ይችላል። የበቆሎ ምርት ግን ከ1.7፣ የቦሎቄ ደግሞ ከ1 አልፎ ይቀንሳል። ገና በቡቃያነቱ ግን ብርቱ የተባለውም ሰብል ሊጎዳ ይችላልና መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ከእኛ የሚጠበቀው ይህ ነው።

1ኛ፤ መስኖ ከመግባቱ በፊት የውሃ ማጠንፈፊያ ቦይ ይቆፈር፤ የተቆፈረውም ደለልና አረም እንዳይዘጋው በየጊዜው ይጠረግ።

2ኛ፤ ማሳው በደንብ ይደልደል፤ ውሃ ከጎድጓዳው ተኝቶ ከጉብታው ላይ ጨው እንዳይከማች።

3ኛ፤ ቦዩ ከተሠራ በኋላ ጨዉን በንጹሕ ውሃ ወደ ታች አጥቦ ማስወጣት ይገባል። ቦይ በሌለበት ማጠብ ግን ከንቱ ድካም ነው።

4ኛ፤ አፈሩ ይመርመር። ሶዲየም ብቻውን የበዛበት፣ ሲርስ የሚላቁጥ፣ ሲደርቅ የሚጠነክር አፈር በውሃ ብቻ አይድንም፤ ጂፕሰም ያስፈልገዋል።

5ኛ፤ መሬቱ እስኪያገግም ድረስ ጨው የሚችለው ሰብል ይመረጥ።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፤ ገበሬው ነጭ ነገር በማሳው ላይ አየሁ ሲላችሁ ነገ እናያለን አትበሉት፤ ያን ዕለት ሄዳችሁ ቦዩን እዩ። ሕዋሱ በተቻለው መጠን የራሱን በር ይጠብቃል። የማሳውን መውጫ ግን ሊከፍት አይችልም፤ ይህ የእኛ የሰዎች ሥራ ነው።